የአያት ዳዊት በኮላ አይጠገንም

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስሁት የብራና ዳዊት የፊት ገበታው (የእንጨት ሽፋኑ) ሊላቀቅ ደርሷል። በኮላ አጣብቄ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ላስቀምጠው አስቤያለሁ። ልጄ ደግሞ ዳዊት ሊጀምር ነው፤ በዚሁ ይማርበት ወይስ የታተመ ልግዛለት? (አንባቢ፣ ከቢቸና)

መልስ፦ ኮላውን ይተዉት። የብራና መጽሐፍ ጥራዞች እርስ በርሳቸውም ሆነ ከገበታው ጋር የተያያዙት በክር ነው፤ መጽሐፉ በተገለጠ ቁጥር ክሩ አብሮ ስለሚላወስ፣ ጀርባው በኮላ ከደረቀ በኋላ የሚቀደደው ብራናው ራሱ ይሆናል። ክር ይቀየራል፤ የጸሐፊው እጅ ግን አይተካም። በአቅራቢያዎ ካለ የአብነት ትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚጠርዝ ሰው ያጠያይቁ፤ እስከዚያው ገበታዎቹን በጥጥ ጥብጣብ ላላ አድርገው ይሰሩት። ፕላስቲኩም አይበጅም፤ ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በመሆኑ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በታፈነበትም ይሻግታል። የቆዳ ማኅደር ካለው እዚያው ይመልሱትና ጭስ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ አይጥም የወለል እርጥበትም አያገኘውም።

ለልጅዎ የየዕለት ትምህርት የታተመውን ይግዙለት። በብራና ላይ ቀለሙ እንደ ወረቀት ሰርጎ አይገባም፤ ከላይ ተቀምጦ የሚቀር ስለሆነ ቁጥር፣ ማለትም ፊደል በፊደል እየጠቆሙ ማንበብን፣ የሚለምድ ልጅ በስንደዶ ፊደል ሲጠቁም ይፍቀዋል።

ይሁን እንጂ የአያቱን ዳዊት ፈጽሞ መደበቅ ለእኔ ከኮላው የማይሻል ጥፋት ነው። አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ በታተመው አጥርቶ ባነበበ ጊዜ ያንኑ ክፍል አጠገቡ ተቀምጠው ከብራናው ያስነብቡት። በብራና መዝሙሩ በአብዛኛው በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ሐረግ የራሱ መስመር አለው፤ ሐረጉ የረዘመ እንደሆነ ጸሐፊው ፊደሉን እያሳነሰ ይጨርሰዋል፤ አለዚያም ትርፉን ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች ያስገባዋል። ውዳሴ ማርያም ላይ ሲደርስ ደግሞ ገጹ ብዙ ጊዜ ለሁለት ዓምድ ይከፈላል። ልጁ የት መተንፈስ እንዳለበት ከመስመሩ ማለቅ ይረዳል። ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል ቢያደርጉለት፣ ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ያለ ቀለም በወስፌ የጫረውን መስመርም ያያል። ተነሹንና ወዳቂውን፣ ማለትም ቃሉ ሲነበብ ድምፁ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን፣ ግን ብራናውም የታተመውም አይነግሩትም፤ ያንን የሚቀበለው ከየኔታ አፍ ነው።

ከማንበቡ በፊት እጁን ታጥቦ በደንብ ያድርቅ፤ ገጽ ሲገልጥም ጣቱን በምራቅ እንዳያርስ ይንገሩት፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የተዘጋጀ ስለሆነ በእርጥብ ጣት ይነሣል።