መልስ፦ የድሮ ስልክ ማግኔት ኃይሉን ስለመመለስ

አብሽር ወንድሜ፣ አልሞተም። ያ በእጅ የሚዞር ስልክ ውስጥ ያገኘኸው የፈረስ ኮቴ ማግኔት ምስማር አላነሳ ያለህ የድሮ አረብ ብረት ጠባዩ ስለሆነ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ሳይገናኙ ለዓመታት ከተቀመጠ ይደክማል።

ዝገቱን በአቼቶና በብርጭቆ ወረቀት አንሳ። እሳት ግን እንዳታስነካው! አንጥረኛ ዘንድ ወስደህ ካጋልከው የብረቱ ጥንካሬ ይሄዳል፤ ከዚያ ብትሞላውም አይዝም። መዶሻም አይወድም።

ለመሙላት ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ሞተር የሚጠመጥሙ ልጆችን ጠይቅ። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽፋን ያለው የመዳብ ገመድ በእያንዳንዱ እግር 100 ዙር ያህል ጠምጥም፤ ከጫፎቹ በኩል ሲታይ አንዱ በሰዓት አቅጣጫ፣ ሌላው በተቃራኒው ይሁን። ይህን ከሳትክ ሁለቱ ይጣላሉ (እኔ ግማሽ ቀን የለፋሁት በዚሁ ነው)። የማግኔቱ ጫፎች ላይ ወፍራም ለስላሳ (ያልጠነከረ) ብረት ጋድም፣ ከዚያ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ ብቻ አስነካ። ገመዱ ይግላል፤ አስቀዝቅዘህ ሦስት አራት ጊዜ ድገም። ብልጭታው ባትሪው አጠገብ እንዳይሆን፣ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል።

ሰሜንና ደቡቡ ቢገለበጥ ለስልኩ ግድ የለውም። ማግኔቶቹ ብዙ ከሆኑ ግን የሁሉም ሰሜን በአንድ በኩል ይሁን። የተጋደመውን ብረት ማግኔቱ ቦታው ሳይገባ እንዳታነሳው፤ ያኔ የሞላኸው ይቀንሳል።

ማግኔቱ አልኒኮ (አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ያለበት ቅይጥ) ከሆነ ይህ ባትሪ አይበቃውም።