ጥያቄና መልስ፦ ግድቡ፣ ኩበቱና የጣርማ በር ነፋስ

ለዚህ ወር ዓምዳችን ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ ስለ ኃይል የሚጠይቁ ሆነው አግኝተናቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ መልሱን እንደየጥያቄው ክብደት አቅርበናል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አለኝ። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሠራተኞቼ ጋር ሆኜ በቴሌቪዥን ተከታትያለሁ። ይሁን እንጂ ዛሬም ወደ ማታው ኃይሉ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ባለፈው ዓመት የመላጊያ ማሽኔ ዲናሞ ተቃጥሎብኛል። አገሪቱ ለጎረቤት ኤሌክትሪክ እየሸጠች እኔ ጄኔሬተር የማስነሣው ስለ ምን ነው?

መልስ፦ ኤሌክትሪክ ከተርባይኑ ተነሥቶ እርስዎ ማሽን ዘንድ እስኪደርስ ሦስት ደረጃዎችን ያልፋል፤ ይመነጫል፣ ይተላለፋል፣ ይከፋፈላል። አገሪቱ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከፍተኛውን ገንዘብና ጉልበት ያፈሰሰችው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ትልቅ ግድብ ይባል ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የመጣው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ሆነ፤ የሕዳሴው ግድብ ደግሞ በ13 ተርባይኖች 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ከጉባ የሚነሣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል እስከ ሆለታ ይመጣል፤ እስከዚያ ድረስ ያለው ጎዳና ሰፊ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ኃይሉ በየማከፋፈያ ጣቢያው እየወረደ በ33 እና በ15 ኪሎ ቮልት ሽቦ ወደ ከተማና ወደ ገጠር ይበተናል፤ በመጨረሻም በእርስዎ ሰፈር ጥግ በቆመው ትራንስፎርመር በኩል 380 እና 220 ቮልት ሆኖ ይገባል። አውድማው ቢሞላም እህሉን ወደ ቤት የሚያስገባው አንድ አህያ ከሆነ፣ ጎተራው የሚሞላው በአህያው ጉልበት ልክ እንጂ በአውድማው ልክ አይደለም።

ለጎረቤት የሚሸጠው ኃይል በዚያ ቀጭን መስመር አያልፍም። ጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኬንያ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚገዙት በከፍተኛ ቮልቴጅ፣ በቀጥታ ከዋናው መረብ ነው። ስለዚህ ሽያጩ ቢቆም የእርስዎ ሰፈር ትራንስፎርመር ጭነት በአንድ ዋት እንኳ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ለትራንስፎርመር መግዣ የሚሆነው የውጭ ምንዛሪ ነው። ይህን የምንለው ቅሬታዎን ለማጣጣል አይደለም። በአገሪቱ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ አንድ አምስተኛ ያህሉ ደንበኛው ቆጣሪ ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ይባክናል፤ በእኛ አስተያየት ከአንድ አዲስ ግድብ በፊት ይህን ብክነት በግማሽ መቀነስ ርካሽም ፈጣንም ነው። የምረቃ ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ በመሆኑ ግን ሲዘገይ ይታያል።

በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ኃይል የሚጨምረው በጅረቱ (በከረንቱ) ካሬ መጠን ነው። በአንድ መስመር የሚያልፈው ጅረት እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ማታ 12 ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ የሚወርደውም በመስመሩ የሚያልፈው ጅረት ስለሚበዛ ነው። ዲናሞ ደግሞ ቮልቴጅ ሲያንሰው ሥራውን አይቀንስም፤ ያንኑ ሸክም ለመሸከም ተጨማሪ ጅረት ይስባል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም የጥቅልሉ ቫርኒሽ ይቃጠላል። የሦስት ፌዝ ማሽንዎ ከ340 ቮልት በታች ሲወርድ፣ ወይም ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጠፋ፣ በራሱ የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ያስገጥሙ፤ ዋጋው ዲናሞ ከማስጠቅለል ይቀላል። የመላጊያና የመሰንጠቂያ ሥራ ጠዋት ቢሠራ፣ ማለስለስና መቀባት ለማታ ቢቆይ ደግሞ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ማሻሻያ ነው።

ስለ ጄኔሬተሩ አንድ ነገር እንጨምር። አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለው፤ አነስተኛ ጄኔሬተር ግን ከዚህ ውስጥ በኤሌክትሪክ መልክ የሚሰጥዎ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ነው፤ የተረፈው በሙቀትና በጭስ ይወጣል። የዛሬውን የሊትር ዋጋ ለሦስት አካፍለው በወር ሂሳብዎ ላይ ካለው የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ጋር ያነጻጽሩት። ናፍጣው በሙሉ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ስለሆነ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር አለመታደስ በስተመጨረሻ በአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ሚዛን ላይ የሚቆጠር ወጪ ይሆናል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት ሲወስን ያሰበውም ይህንኑ ወጪ ነበር፤ ባለ ባትሪው መኪና ግን የሚሞላው በዚያው በሰፈሩ ትራንስፎርመር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ጥያቄ (ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ)፦ እኔ የቤት እመቤትና ገበሬ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የጋገርሁት በኩበት ነው። ከተማ የሚማረው ልጄ ለበዓል ሲመጣ “እማዬ፣ መሬታችንን እያነደድሽው ነው” ይለኛል። በአካባቢያችን እንጨት እንደ ልብ አይገኝም። አንዳንዶች ባዮ ጋዝ አስገቢ ይሉኛል። ከብቶች አሉን፤ መብራትም በቅርቡ ገብቶልናል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እናታችን፣ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ከአገሪቱ ኢኮኖሚ ጋር በጥብቅ የተያያዘው የእርስዎ ነው። ኢትዮጵያ በኤሌክትሪክ በኩል ከ90 ከመቶ በላይ በውኃ ኃይል የምትጠቀም አገር ብትሆንም፣ ኤሌክትሪክ ከጠቅላላው የኃይል ፍጆታዋ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ከአሥር እጅ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና አገዳ ነው። የሚነደውም በአመዛኙ በየጓዳው ነው።

ልጅዎ እውነት ብሏል፤ ትንሽ ግን አጋንኗል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይበራል፤ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ ግን በአብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አንድ መቶ ኪሎ ደረቅ ኩበት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ ይህም በዩሪያ ሲሰላ 3 ኪሎ ቢያልፍ ነው። በዓመት አንድ ቶን ኩበት የሚያነድ ቤት እንግዲህ ከ30 ኪሎ በላይ ዩሪያ፣ ማለትም የኩንታል አንድ ሦስተኛ ያህል፣ በጭስ ያጣል ማለት ነው። ትልቁ ጉዳት ግን ይህ አይደለም። አፈሩን የሚያላላው፣ ውኃ የሚያስይዘው፣ ገብሱ ክረምቱ ቶሎ ሲወጣ እንዳይከስል የሚያደርገው ብስባሹ ነው፤ እርሱን ዩሪያ አይተካውም። አመዱን እንኳ ከደጃፍ ጓሮ አልፎ ወደ ሩቁ ማሳ የሚያደርስ ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጎመኑ ሲያብብ የገብሱ እርሻ ይራቆታል።

ባዮ ጋዝን በተመለከተ፣ በቅን ልቦና የመከሩዎት ሰዎች መንዝን የረሱ ይመስለናል። እበቱን ወደ ጋዝ የሚለውጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ደኅና አድርገው የሚሠሩት 35 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ውስጥ ነው፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ሥራቸው በእጅጉ ይዘገያል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ በሚጥልበት አገር፣ ከመሬት በታች የተቀበረው ጉድጓድ ቢሆንም ሙቀት አይበቃውም። በዚያ ላይ በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ኪሎ እርጥብ እበትና ያንኑ ያህል ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃውን የሚቀዳው ማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ሌላም እንከን አለው፤ የተለመደው የባዮ ጋዝ ምድጃ ነበልባሉ መሐል ለመሐል የሚሰበሰብ በመሆኑ ለወጥና ለቡና እንጂ ለሰፊ ምጣድ አይመችም። በቀወት፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ ውኃ በቅርብ ያለው ገበሬ ቢጠይቀን ግን መልሳችን ሌላ ነበር፤ እዚያ ሙቀቱ በነጻ አለ፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭም ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል።

ለእርስዎ የምንመክረው በሲሚንቶ የሚሠራውን ምርጥ ምድጃ ማስገባት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ከእሳቱ ሙቀት ወደ እንጀራው የሚገባው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በጎን አምልጦ ጓዳውንና የጋጋሪዋን ዐይን ያቃጥላል። ምርጥ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከብበው የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ከኋላው የሚወጣው ትኩስ አየር ደግሞ ድስት ያሞቃል። የተረፈውን ግማሽ እበት ጭድና አመድ እየጨመሩ ለብስባሽ ያከማቹት። ኩበቱ ከክረምት በፊት በደንብ ደርቆ ከዝናብ በተጠለለ ኩምር መቀመጡም ቀላል ነገር አይደለም፤ እርጥብ ኩበት እሳቱ የሚሰጠውን ሙቀት ራሱን ለማድረቅ ይጨርሰዋል።

መብራት ከገባልዎ የኤሌክትሪክ ምጣዱን በተመለከተ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግሩ በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ዝቅተኛው ታሪፍ የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የተቀመጠ ነውና፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ሲጨመርበት ከእርከኑ ያልፋሉ፤ ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቀን ወደ አንድ ያምጡት። ቀዝቃዛ ምጣድ ለመጀመሪያዋ እንጀራ እስኪግል ብቻ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህን ወጪ በሳምንት አንዴ መክፈል ከሁለቴ ይሻላል፤ በመንዝ ብርድ ደግሞ እንጀራ ቶሎ አይሻግትም። አክንባሎው በእንፋሎት የተጣመመ ከሆነ በገጠመ ይቀይሩት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወይም ሦስት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍተው በቀረው ግለት ይጋግሩ፤ ይህን ልምድ ያላቸው ሴቶች ማንም ሳይነግራቸው ያደርጉታል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና፣ መምህር)፦ በጣርማ በር ሰው የሚያንገዳግድ ነፋስ አለ። አዳማ ላይ የነፋስ ተርባይን ሲተከል እኛ ጋ ያልተተከለው ለምንድን ነው? ተማሪዎቼ ዘወትር ይጠይቁኛል።

መልስ፦ ለተማሪዎችዎ ሁለት ስሌት ይስጧቸው። የመጀመሪያው፣ ከነፋስ የሚገኘው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ መጠን ማደጉ ነው፤ በሴኮንድ 6 ሜትር የሚነፍሰው 7.5 ሜትር ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሩብ ብቻ ጨምሮ ኃይሉ እጥፍ ያህል ይሆናል። ሁለተኛው የአየሩ ክብደት ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ በባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ኃይል ከሩብ በላይ የጎደለ ይሰጣል። የመጀመሪያው ስሌት ግን ከሁለተኛው ይበረታል፤ ከፍታው ብቻውን ቦታውን አይጥለውም።

ቦታውን የሚያስቸግረው ገደሉ ነው። ከአፋር ቆላ ሽቅብ የሚመጣው ነፋስ ከገደሉ አፋፍ ሲደርስ ይሽከረከራል፤ እንዲህ ያለ ውል የሌለው ነፋስ ሰውን ያንገዳግዳል፤ የተርባይን ክንፍንም ያደክማል። ተርባይን የሚወደው ሳይዋዥቅ፣ ሳይቆም፣ በአንድ አቅጣጫ የሚነፍሰውን ነው፤ ያ ደግሞ ከአፋፉ ራቅ ብሎ በሜዳው ላይ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን ለመለየት በረጅም ምሰሶ ላይ ቢያንስ የአንድ ዓመት ልኬት ያስፈልጋል። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት ነፋሱ ስለተመቸ ብቻ ሳይሆን መንገዱና የማስተላለፊያ መስመሩ ቅርብ ስለነበረም ጭምር ነው። ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርኩን፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካዎቹን ይዛ ከሜዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ኃይሉ የሚፈለግበት ቦታ ነፋሱ ካለበት ብዙ አይርቅም፤ በእኛ ግምት ለአካባቢው የሚያበረታታው ይህ ነው። ሌላው የነፋስ ጥቅም ወቅቱ ነው፤ የግድቦቹ ውኃ በሚያንስበት በበጋ ነፋሱ ይበረታል፤ በክረምት ነፋሱ ሲደክም ግድቦቹ ይሞላሉ።

ለትምህርት ቤት ጣሪያ ግን ትንሽ ተርባይን አይግዙ፤ ሶላር ይሻልዎታል። ሶላር ፓነል ሲግል ምርቱ ይቀንሳል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 ከመቶ ያህል ያጣል። የደጋው ብርድ ለእርሱ በረከት ነው። ባትሪውን ሲመርጡ ብቻ የሐምሌንና የነሐሴን ጉም ያስቡ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ ለለስላሳና ለውኃ ማቀዝቀዣ ያገለገለ ፍሪጅ በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛው?

መልስ፦ የቆየ ፍሪጅ ተመሳሳይ መጠን ካለው አዲስ እጥፍ ኤሌክትሪክ ሊስብ ይችላል፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ ኮምፕረሰሩ እምብዛም አያርፍም። ሻጩ ባለበት ሰክተው ጥቂት ሰዓታት ያቆዩት፤ ቀዝቅዞ በራሱ ካላቆመ ይተዉት። በሩ ላይ የብር ኖት አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት፤ ኖቱ ሳይዝ ከወጣ የበሩ ጎማ አልቋል፤ የጎማውን ዋጋ ከሂሳቡ ያስቀንሱ። ከገዙት በኋላ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀው፣ የከሰዓት ፀሐይ ከማያገኘው ጥግ ያስቀምጡት፤ ስታብላይዘርም ይግዙለት።