ወለሉ ሲደርቅ ነጭ ሆነ
ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የኪራይ ቤቶችን እናጸዳለን። አንዲት አከራይ «ሴራሚኩ ሲደርቅ ነጭ ሆነ፤ ቀሪውን ሒሳብ አልከፍልም» አሉን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በስልክ አትከራከሩ፤ በዚያው ቀን ሄዳችሁ አብራችሁ እዩት። እርጥብ ጨርቅ ካስለቀቀው የሳሙና ቅሪት ነው፤ ጥፋቱ የእናንተ ነውና በነጻ ድገሙት። ለ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና ይበቃል (አረፋ የበዛበት ሁሉ የጸዳ ይመስላል!)። ከዚያ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ወልውሉ፤ ውሃውን በየክፍሉ ቀይሩ። በዚያ ብርድ ወለሉ ቶሎ ስለማይደርቅ በደረቅ ጨርቅ ጨርሱት። ጨርቁ ካላስለቀቀው ምናልባት በሴራሚኩ መገጣጠሚያ የተሞላው የነጭ ሲሚንቶ ቅሪት ይሆናል፤ እሱ የግንበኛው ጣጣ ነው፣ ዋጋውን ለብቻ ተነጋገሩ። ሲሚንቶውን ለማስለቀቅ አሲድ ከተጠቀማችሁ በረኪና እንዳይነካው፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ለወደፊቱ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወለሉን ፎቶ አንሱ።