ከመስተዋቱ ሥር የታየው ብናኝ

ጥያቄ፦ ከዱባይ በውድ ዋጋ የገዛሁት አዲስ የስዊዘርላንድ አውቶማቲክ (በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ) የእጅ ሰዓት፣ ከመስተዋቱ ሥር ቦታውን የሚቀያይር ብናኝ ይታይበታል። ሠፈሬ ላለው ሰዓት ሠሪ ሰጥቼ ላስከፍተው?

መልስ፦ አያስከፍቱት። አምራቹ ፈቃድ ያልሰጠው ባለሙያ ከከፈተው ዋስትናው ሊሰረዝ፣ ውኃ የሚከላከለው ላስቲክም በትክክል ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ብናኙ የጨርቅ ክር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መልክ ከማበላሸት አያልፍም፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ከሆነ ግን፣ ብዙዎቹ የዛሬ አውቶማቲክ ሰዓቶች በሰዓት 28,800 ጊዜ ስለሚመቱና በውስጣቸው ባሉት የማርሽ ጥርሶች መካከል የገባች ቅንጣት ልታቆማቸው ስለምትችል፣ በባለሙያ እስኪመረመር ድረስ ሰዓቱን እጅዎ ላይ ባያስሩት ይሻላል። የብናኙን ፎቶግራፍ ከደረሰኙና ከዋስትና ካርዱ ጋር ለሻጩ ልከው በቅድሚያ ቅያሪ ይጠይቁ፤ በዚህ ዋጋ የተገዛን አዲስ ዕቃ ማስጠረግ የገዢ ዕዳ ሊሆን አይገባም። ሻጩ ጥገና ብቻ ከፈቀደ፣ ሥራው በአምራቹ የአገልግሎት ማዕከል እንዲከናወንና ሰዓቱ ከተዘጋ በኋላ የውኃ መከላከል ፍተሻ እንደተደረገለት በጽሑፍ እንዲረጋገጥልዎ ይጠይቁ።