«ልጆቹ አሳፈሩኝ»

ሰላም እህት ዓለም፣

አምድሽን ሁሌ አነባለሁ፤ እጽፍልሻለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አሁን ትዕግሥቴ አለቀ።

የምሠራው እዚሁ ድሬዳዋ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ካሪየር ማዕከል ውስጥ ነው። ተመራቂዎችን ከቀጣሪ ጋር አገናኛለሁ። ሲቪ አጻጻፍ አሠለጥናለሁ፣ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ፣ በዚህ ሙቀት በባጃጅ እስከ መልካ ጀብዱ እየሄድኩ ቀጣሪ እለምናለሁ።

ልጆቹ ግን ግድ የላቸውም። ሥልጠና ስጠራ አዳራሹ ባዶ ነው። ምርቃት ሲቃረብ «ሚስ፣ ሥራ የለም ወይ?» እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። አምና አንድ ድርጅት ስንት ደጅ ጠንቼ ጥቂት ልጆች ለመቅጠር ተስማማ። ተፈትነው አለፉ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈርሙ» ተባሉ። ሁለቱ ሳይፈርሙ ቀሩ። አንዱ ፈርሞ ሰኞ አልመጣም። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ለካ አገሩ ገብቷል! ሥራ አስኪያጁ ደውለው «አሳፈርሽኝ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንዷ ደግሞ ከሁሉም ባሰች። የአካውንቲንግ ተማሪ ናት፣ ውጤቷ የሚያስቀና። ሳታመለክት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መርጠው ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። በነጋታው መጥታ «ሚስ፣ ቀረብኝ» አለች። ለምን ስላት ዝም። እናቷ ጉሊት ውላ ያሳደገቻት ልጅ እንዲህ ያለ ዕድል ትገፋለች? በጣም ተቆጣኋት። ጓደኛዋ በኋላ ስትነግረኝ ቃለ መጠይቁ ማታ፣ ከዚራ አንድ ሆቴል ነበር፤ ሰውየው ከዚያ በፊትም ይደውልላት ነበር አለችኝ። ልጆች ብዙ ያወራሉ፣ እኔም አላጣራሁም። ብቻ ድካሜን የሚያይልኝ የለም። አለቃዬ የሚፈልገው ስንት ተመራቂ ሥራ ያዘ የሚለውን ቁጥር ነው። ልጆቹ እንዲህ እየሆኑ ቁጥሩን ከየት ላምጣ?

አሁን ደግሞ እኚሁ ሥራ አስኪያጅ እንደ አምናው የሴት ተመራቂዎችን ስም፣ ስልክና ጉርድ ፎቶ በቴሌግራም ላኪልኝ ብለውኛል። ለቢሮ ሥራ መልክ ማየት ያለ ነገር ነው፤ አምናም ልኬላቸዋለሁ። ዘንድሮ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። አለቃዬ «ቀጣሪ እንዳናጣ፣ ላኪላቸው» ይለኛል። ልላክ ወይስ ይቅር? ልጆቹንስ እንዴት አድርጌ ላስተካክላቸው?

የጨነቃት እህትሽ፣ ከድሬዳዋ

*

እህቴ፣

አትላኪ። አንድም ስም፣ አንድም ስልክ አትላኪ። እጅሽ አልታዘዝም ያለው እውነቱን ስላወቀ ነው።

«ልጆች ብዙ ያወራሉ» ብለሽ ያለፍሽውን እኔ ማለፍ አቃተኝ። ልጅቷ አላመለከተችም ብለሽኛል። ሰውየው ግን ከቃለ መጠይቁ በፊት ይደውልላት ነበር። ስልኳን ከየት አገኘው? አንቺ ከላክሽው ዝርዝር ነዋ! ፎቶዋን አየ፣ ስልኳን አገኘ፣ ደወለ፣ ከዚያ ማታ ሆቴል ጠራት። ሂሳብ ላጠናች ልጅ ጉርድ ፎቶ ምን ያደርግላታል? ሰውየው የመረጠው ውጤቷን አይቶ ቢሆን ኖሮ ትራንስክሪፕቷን ይጠይቅሽ ነበር።

ያቺ ልጅ ዕድል አልገፋችም። ራሷን አድናለች። ማንም ሳይነግራት፣ ማንም ሳያግዛት፣ ድህነቷ እየጎተታት «ቀረብኝ» ማለት ችላለች። ቢሮሽ ስትመጣ የጠበቃት ደግሞ ቁጣ ነው። ይህን ስጽፍልሽ ልቤ እየነደደ ነው፤ ቻይኝ።

እሷ አንዷ ናት። በዝርዝሩ ላይ የሌሎቹም ሴቶች ስም አለ። ለእነሱስ ደውሎላቸው ከሆነ? ከመካከላቸው «ቀረብኝ» ማለት ያልቻለች ብትኖርስ? ሥራ ይዛለች ብለሽ በሪፖርትሽ የቆጠርሻት ብትሆንስ?

ልጆቹ ፎቶና ስልካቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ሊማሩ ነው። ለመታወቂያ፣ ለሬጅስትራር። ለሰውየው ቴሌግራም ብለው የሰጡ የሉም። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ሰው ለአንድ ጉዳይ የሰጠው መረጃ ሳይፈቅድ ለሌላ ጉዳይ እየዞረ እንዳይሰጥ የወጣ ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በፆታ ማድላትንም ሆነ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። እነዚህን ለአለቃሽ አንብቢለት። አንቺ ግን አዋጅ የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም። የራስሽ እህት ብትሆን ፎቶዋን ትልኪለት ነበር?

አሁን ወደቀሩት ልጆች ልምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እነሱ ላይ መፍረድ አልቻልኩም። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈርሙ» የሚለውን እንደ ቀላል ነገር ነው የጻፍሽው። ቀላል አይደለም። ጥሩ ሥራ ያለው ቀጣሪ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ቤተሰቡን አማክሮ ቢወስን አይፈራም። የሚያጣድፈው ብዙ ጊዜ ሲነበብ የማያምር ነገር ውሉ ውስጥ ስላለ ነው። ደመወዙ ተነግሯቸው ነበር? የሙከራ ጊዜያቸው ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ የነገራቸው አለ? የጽሑፍ ውል ባይኖር እንኳ ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ፈርሞ መስጠት እንዳለበትስ? ሲቪ ከማሳመር ይልቅ ይህን ብታሠለጥኚ አዳራሽሽ ባዶ የሚሆን አይመስለኝም።

ደግሞ ተያዥ አለ። አብዛኛው ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ «አስተማማኝ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የምትል መስመር አትጠፋም። ከወላይታ ወይ ከደብረ ታቦር ተመድቦ ድሬ የመጣ ልጅ፣ እዚህ ደመወዝ ያለው ዘመድ ከየት ይወልዳል? ምርቃቱ ባለቀ ማግስት ዶርም ይዘጋል። ፍራሹን ያስረክባል፣ ክሊራንሱን ይጨርሳል፣ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ደመወዝ ወር ይጠብቃል። አከራይ ደግሞ ቅድሚያ ካልከፈልክ ቁልፍ የለም ይላል። ከተቀጠረ ኮስት ሼሪንጉም ከደመወዙ መቆረጥ ይጀምራል። ፈርሞ ሰኞ የቀረብሽ ልጅ እሑድ ማታ ይህን ሁሉ ሲያሰላ አድሮ ይሆናል። ደውሎ «አልመጣም» ማለት ነበረበት፤ እሱን አስተምሪያቸው፣ የአንድ ቀን ምክር ነው። የሚያድርበት ቦታ ማፈላለግ ግን የማዕከሉ ሥራ ነው። ቢያንስ ለተቀጠሩት እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ዶርም ይራዘምላቸው ብለሽ ለዩኒቨርሲቲው ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?

«ቀጣሪ እለምናለሁ» የምትይው ደግሞ አናደደኝ። ምን በወጣሽ አቦ! ለዓመታት የተማረ፣ የመውጫ ፈተና ያለፈ ወጣት ያለ ድካም የሚያገኘው ቀጣሪው ነው። ለማኟ አንቺ የሆንሽው እንዴት ነው? ድሬ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ በ2014 የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጣና አለ፣ ፋብሪካው፣ ባንኩ፣ ሆስፒታሉ አለ። ሥራ እንደልብ ነው አልልሽም፤ ወጣቱ እየተንከራተተ እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራ የጠፋበት ጊዜ ግን ልጆቹን አብልጠን የምንጠብቅበት ነው፤ የቸገረው ሰው የማይፈርመው ወረቀት የለምና። ማዕከሉ የተከፈተው ለተማሪው ነው። ቀጣሪው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የቤቱን ደንብ ያከብራል።

ከዚህ ሰውዬ ጋር ሥራሽ አብቅቷል። «የተማሪ ስልክና ፎቶ አንሰጥም» ብለሽ ጻፊለት፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አምና የላክሽውንም እንዲያጠፋ በጽሑፍ ጠይቂው። ለሌሎቹ ቀጣሪዎች ደንብ አውጪ። የሥራውን ዓይነትና ደመወዙን ጽፈው ይላኩ፤ አንቺ በቦርድና በተማሪዎቹ የቴሌግራም ቻናል ለጥፊው፤ ወንዱም ሴቷም አይተው ራሳቸው ያመልክቱ። ቃለ መጠይቅ በሥራ ሰዓት፣ በድርጅቱ ቢሮ ወይም በግቢያችሁ ይሁን። ያለፈ ልጅ ውሉን ይዞ ሄዶ የሚያስብበት ቀናት ይሰጠው። በዚህ የሚኮርፍ ቀጣሪ ይኩረፍ።

ለልጅቷ ዛሬውኑ ደውይላት። ስልኳን ለሰውየው የሰጠሽው አንቺ እንደሆንሽ ንገሪያት፤ ሌላ ሰው ነግሯት ከምትሰማው ካንቺ ትስማው። ስለተቆጣሽም ይቅርታ ጠይቂያት። ምን እንደተፈጠረ አታፋጥጫት። መናገር ከፈለገች ስሚያት፤ ጀንደር ቢሮ ሄጄ ልናገር ካለች አብረሻት ሂጂ፤ ካልፈለገች ተያት። ከዚያ በዝርዝሩ ላይ ለነበሩት ለሌሎቹም አንድ በአንድ ደውይ። ስልክ ከብዶሽ በቴክስት እንዳትጨርሺው።

አለቃሽ «ላኪ» ብሎ ከጸና ትእዛዙን በጽሑፍ ስጠኝ በይው። ካልጻፈልሽ አትላኪ። ከጻፈልሽም አትላኪ፤ ደብዳቤውን ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ግቢ።