«ሱናውስ ምን አለው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምኖረው ስቶክሆልም ነው። የሥራ ባልደረባዬ ሶማሌ ናት፤ በልጅነቷ ሀርጌሳ ተገርዛ ተሰፍታለች። «ልጄን እንደኔ አላሰፋትም» ትላለች። ግን «ሱናውስ ምን አለው? ትንሽ ናት» ትለኛለች፤ ሱና የሚሉት ሳይሰፋ ትንሽ ብቻ ይቆረጣል የሚባለውን ግርዛት ነው። በሰኔ የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ አማቷ ጋ ልትሄድ ነው። በሰው ባህል ገባሽ እንዳትለኝ ፈራሁ። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ባህሉን ካነሳችብሽ የኛንም ንገሪያት። በጎጃም በጎንደሩ ሴት ልጅ ገና በአራስነቷ ስትገረዝ ኖራለች። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እስኪከለክል በግልጽ ይደረግ ነበር፤ ዛሬም ተደብቀው የሚያደርጉት አሉ።

ጓደኛሽን ደግሞ አትናቂያት። ሶማሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 99 በመቶው የተገረዙ ናቸው። ከዚያ መሀል ወጥቶ «አላሰፋትም» ማለት ወኔ ይጠይቃል። አውሮፓ ያሉ ብዙ ወጣት ሶማሌዎች መስፋቱን አይፈልጉም፤ የሚያወዛግባቸው ሱናው ነው።

ይገባኛል። የተሰፋች ልጅ ሽንቷ ጠብ ጠብ እያለ እስኪያልቅ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ የወር አበባዋም አልወርድ እያለ ያንቆራጥጣታል። ይህን ላየች «ትንሽ ናት» ቢሏት ታምናለች። ግን ትንሹን የሚወስነው ምላጩን የያዘችው ሴትዮ ናት። ልጅ ደግሞ ትወራጫለች። ጅግጅጋ አዋላጅ ሆኜ ስሠራ «የኔ ሱና ነው» ያለችኝን ወላድ ስመረምር ቂንጥሯም የብልቷ ከንፈርም የለም፤ የቀረው ተጣብቋል።

በሃይማኖት ከመጣች አንቺ ሼህ አትሁኚባት። የካይሮው የእስልምና ትምህርት ተቋም አል አዝሀር እ.ኤ.አ. በ2007 የሴት ልጅ ግርዛት በሸሪዓ መሠረት የለውም ማለቱን ጠቁሚያት፣ በቃ። ሕጉንም ታውቀው፦ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1982 ስትከለክል ሱና ብላ የለየችው የለም። ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ሀርጌሳ ቢፈጸምም እዚያው ስዊድን ያስከስሳል።

እኔን ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ አማትየዋ ናቸው። እናት ገበያ ደርሳ እስክትመለስ አያት ልጅቷን አስገርዘው ሊጠብቋት ይችላሉ፤ እሳቸው እኮ ደግ የሠሩ ነው የሚመስላቸው! ስለዚህ ወሬሽን ወደ ጉዞው አምጪው። ልጅቷ ማን ጋ ነው የምታድረው? ባልየውስ ደውሎ «እማዬ፣ ልጄን ማንም እንዳይነካት» ብሏል? እኔ ባየሁት የወንድ ልጃቸውን ቃል ይሰማሉ። እሱ ካመነታ ልጅቷ ዘንድሮ ትቅር። አያት በቪዲዮ ይዩዋት።