ዓሣው ካልሞተ ምን ችግር አለው?

ሰላም እህቴ። የባዮሎጂ ተማሪ እንደሆንሽ፣ ብክለት የእንስሳትን ሆርሞን እንዴት እንደሚያዛባ ማጥናት እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። «ሥራው ምን ይመስላል? እዚህ አገርስ ያዋጣል?» ብለሻል። እኔ የቃሊቲ ልጅ ነኝ። ከአቃቂ ወንዝና ከአባ ሳሙኤል ግድብ ውሃና ዓሣ ስሰበስብ 9 ዓመት ሆነኝ። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ቦት ጫማ አድርጌ፣ በረዶ የሞላ ሳጥን ተሸክሜ ወንዙ ዳር ቆሜያለሁ። ጎመን የሚያጠጡ አንድ አባት «ዓሣው ሞተ እንዴ?» አሉኝ። «አልሞተም አባባ» አልኩ። «ታዲያ ካልሞተ ምን ፍለጋ መጣህ ልጄ?» መልስ አጣሁ። የዚህ ሙያ ዋናው ፈተና ይኸው ነው። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይሸታል፣ ቀለሙም ይታያል። ሆርሞን የሚያዛባው ግን ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። ዓሣው ይዋኛል፣ ይበላል። መውለድ ብቻ ያቅተዋል።

የዘርፉን ታሪክ ከአሜሪካዊው ባዮሎጂስት ከሉዊስ ጊሌት ጀምሪ። ፍሎሪዳ ውስጥ አፖፕካ የሚባል ሐይቅ አለ። በ1980 እንደ ፈረንጆቹ ዲዲቲ የተቀላቀለበት ዳይኮፎል የሚባል ፀረ ተባይ ፈሶበታል። (ዲዲቲን ቆላ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለወባ ቤት ለቤት ይረጭ ነበር።) እስከ 1987 ድረስ የአሊጌተር (የአዞ ዘመድ ነው) ግልገሎች ቁጥር 90 በመቶ ወረደ። ጊሌትና ባልደረቦቹ ግልገሎቹን ዉድራፍ ከሚባል የተሻለ ሐይቅ ግልገሎች ጋር አነጻጸሩ። የአፖፕካ ወንዶች ቴስቶስትሮን፣ ማለትም የወንድነት ሆርሞን፣ ከዉድራፎቹ ሲሶ በታች ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ይደረግልኝና ብልታቸውም በሩብ ገደማ ያነሰ ነበር።

እንዴት? ሆርሞንን እንደ ታክሲ ተሳፋሪ አስቢው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ነው መኪናው የሚነሳው። ዲዲቲ ሲፈራርስ የሚፈጠረው ዲዲኢ ወንበር ይዞ ሒሳብ የማይከፍል ሰው ነው። መኪናውን አያስነሳም፣ ቴስቶስትሮንንም አያስቀምጥም። ኢስትሮጅንን፣ ማለትም የሴትነት ሆርሞንን፣ የሚመስሉት ብክለቶች ደግሞ የማይወርዱ ሆነው «ወራጅ አለ!» የሚሉ ናቸው። ሾፌሩ ምን ያውቃል፣ ይቆማል።

እኛ ዋና የምንፈልገው በወንድ ዓሣ ደም ውስጥ የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን መኖሩን ነው። ወንድ ምን ሊያደርገው? ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ ለሦስት ዓመት፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን ውስጥ ያለውን ኢስትሮጅን አንድ ትንሽ ሐይቅ ላይ ጨመሩ። በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ብቻ። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። ወንዶቹ አስኳል ማምረት ጀመሩ፣ አንዱ የዓሣ ዝርያ ከሐይቁ ሊጠፋ ተቃረበ። የስንት ሚሊዮን ሰው ሽንት ወንዝ እንደሚገባ አስቢና ወደ አቃቂ ተመልከቺ።

አሁን ወደ ችግሩ። የአስኳል ፕሮቲኑ መመርመሪያ ኪት ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በዶላር። ወራት ይፈጃል። ደግሞ ለፈረንጅ ዓሣ የተሠራው ለእኛ አምባዛ ላይሠራ ይችላል፤ ይህን ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ የሦስት ወር የደም ናሙና አንድ ተቋም ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ለጥምቀት በዓል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም፣ ጥበቃው ቁልፍ የለውም። ስመለስ ሁሉም ቀልጦ ሸትቷል። ያን ቀን አቃቂ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ታክሲ መጠበቅ እንኳ አስጠላኝ።

ያዋጣል ወይ? በገንዘብ አያዋጣም። ደመወዙ በፕሮጀክት ነው፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አንቺም ታልቂያለሽ። ደስ የሚለው ግን ጥያቄው አልተነካም። ማንም ያልከፈተው በር ብዙ ነው።

ለመመረቂያሽ አንድ ምክር፦ ከቆሸሸው ወንዝ በፊት ንጹሑን ፈልጊ። ዉድራፍ ባይኖር አፖፕካ ምንም ባልተናገረ ነበር። ዝዋይ ብዙም አይሆንሽም፣ ዙሪያው የአበባና የአትክልት እርሻ ነው። የአቃቂን የላይኛውን ክፍል፣ እንጦጦ ሥር ያለውን ብትይ ውሃው የተሻለ ነው፣ ግን እኔ በቂ ዓሣ አላገኘሁበትም። ይህን ሳትፈቺ ጓንት እንዳትገዢ። ስታቲስቲክስም ተማሪ፣ እኔ ዘግይቼ ተምሬው አሁንም እየተሠቃየሁ ነው።